ቤት ላይ ቤት ተከራየሁ

ደብሊን፣ መስከረም 20

ይድረስ ለእናቴ፤ በማሙሽ አንባቢነት።

እማዬ፣ የአባዬ ወገብ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዝናቡ በቀር ደህና ነኝ። ማሙሽ፣ ቀስ ብለህ አንብብላት፤ እንዳለፈው የማይጥምህን እየዘለልክ የራስህን እንዳትሰነቅር። ባለፈው ደብዳቤ ውስጥ «ለማሙሽ ጫማ እገዛለሁ» የሚል ቃል አልነበረም፤ ቅጂው እጄ ላይ ነው።

በስልክ «ከተከራየሽው ቤት ወጥተሽ ሌላ ቤት ተከራይተሽ ልታድሪ? የፊተኛው ምን ሆነ?» ስትዪኝ ኔትወርኩ አልተቋረጠም ነበር። መልስ አጥቼ ነው የዘጋሁት። እዚህ ሰው ዓመቱን ሙሉ ለቤት ኪራይ ሲለፋ ይከርምና፣ ሲደክመው ሌላ ቤት ተከራይቶ ያርፋል። እሱ ሲያርፍ የፊተኛው ኪራይ አያርፍም፤ ይቆጥራል። ደብሊን ያለችው ክፍሌ በወር 800 ዩሮ ናት። ማሙሽ፣ ወደ ብር እንዳትመነዝረው። ከመነዘርክም ለደላላው ለጋሼ እንዳትነግር።

ለዕረፍት የሄድነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ የቡራዩዋና የሱሉልታው። ታውቋቸዋላችሁ፤ ባለፈው ፎቶ ላይ ዶሮ ወጡን የከለሉት ናቸው። ቤት ስንመርጥ ሦስት ሳምንት ፈጀን። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ዋጋው አይነካም፤ ብዙዎቹም ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሙሉ ሳምንት ካልያዛችሁ ይላሉ። መስከረም ሲጠባ ልጆቹ ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ሦስት ሌሊትም ለምኖ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ እንቁጣጣሽን በምዕራብ ዳርቻ፣ ኮነማራ በሚባል አገር እንድናሳልፍ ቆረጥን።

ማስታወቂያዎቹን ሳነብ ጋሼ ናፈቁኝ። ጋሼ ሰበታ ላይ «ለአስፋልት ቅርብ» ካሉ የጅማ መኪና ፍሬን አልጋሽ ድረስ ይመጣል፤ «ነፋሻ» ካሉ ጣሪያው ገና ነው፤ «ወደፊት የሚለማ» ካሉ ለጊዜው ጅብ ይኖርበታል። የአየርላንድ አከራይም የጋሼ ተማሪ ነው። «ጠበብ ብላ ሞቅ ያለች» ማለት አንዱ ካልተኛ ሌላው አያልፍም ማለት ነው። «ስድስት ሰው ታሳድራለች» ሲል ሁለቱ ሶፋ ላይ ናቸው፣ ያውም ከተዋደዱ። «የጥንት ለዛዋን ያልለቀቀች» ሲል መስኮቱ አይገጥምም። «ከሁካታ የራቀች» ካለ ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ ስንቅ ትይዣለሽ። ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል አንሶላ የራስ፣ መብራት በቆጣሪ፣ ጽዳት ለብቻ ይላል። አጽድቼው ወጥቼ የጽዳት ከፈልኩ፤ ይህን ለአባዬ አታንብብ።

የሱሉልታው ርካሽ ይሁን አለ። እኔ ወጥ ቤቱ ሰፋ ይበል አልኩ። የቡራዩዋ ግን «የባሕር እይታ» ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ከገፈርሳ ግድብ በላይ ውኃ ሳታይ አድጋ አሁን ውቅያኖስ ካልተዘረጋልኝ ትላለች። ውኃ ፊት ለፊት ያለው ቤት እኮ በጣም ይወደዳል! እማዬ፣ እኛ ተፍኪ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር አዋሽ ሜዳውን ሞልቶ ደጃችን ድረስ ሲመጣ፣ አባዬ ምድጃውን ከፍ ሲያደርግ፣ ለካ የውኃ እይታ በነፃ ነበረን። የዋልካው ጭቃ ሳይቆጠር።

ስለ ኪራይ ካነሳን ለጋሼ ይህን አንብብላቸው። እ.ኤ.አ. በ1759 አርተር ጊነስ የሚባል ጠማቂ ደብሊን ላይ የቢራ መጥመቂያ ቦታ በዓመት 45 ፓውንድ ተከራየ። ለስንት ዓመት? ለ9,000 ዓመት። ዘጠኝ ሺህ፤ ማሙሽ ዜሮ አልጨመረም። እኛ ዘንድ የመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው ሲባል አባዬ «ማን ሊደርስበት?» ብሎ አልነበር? ታዲያ የጊነስ ባለቤት የሆነው ድርጅት ነው በ2004 የሰበታችንን ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር የገዛው። በ2014 ለፈረንሳዮች ሸጦት ወጣ። ደብሊን ላይ 9,000 ዓመት የተፈራረመ ቤት ሰበታ ላይ አሥር ዓመት ብቻ ቆየ። ጋሼ፣ ምን ብታደርጓቸው ነው?

በመጨረሻ የተስማማነው አንዲት አሮጊት በሚያከራዩት የድንጋይ ቤት ላይ ነው። እዚህ እያንዳንዱ ቤት ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የራሱ ኮድ አለው፤ እሱን ስልክሽ ላይ ከጻፍሽ ደጃፉ ድረስ ይመራሻል። ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ የገጠሩ ሰው እስከ ዛሬ እንደኛው «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብለሽ» ነው የሚለው። ሴትዮዋም ኮዱን ስጠይቃቸው ተቆጡ። «ኮድ ምን ያደርግልሻል? ከድልድዩ በኋላ ግራጫ አህያ ታገኛላችሁ። አህያዋ ጋ ወደ ግራ። ቁልፉ ከአበባው ማሰሮ ሥር ነው» አሉኝ። አህያዋ ካልኖረችስ? «ሁሌም አለች።»

እማዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ባለበት አታስነብቢ።

ከደብሊን ስንነሳ መሽቶብን ነበር፤ ኮነማራ ስንገባ ጨለማው፣ ጉሙና ዝናቡ አንድ ሆነው ጠበቁን። ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ቆይቷል። የመንገዱ ምልክት በአይሪሽኛ ብቻ ስለሆነ ፊደሉን ቆጥረን እናልፈዋለን። ድልድዩን ተሻገርን። የሱሉልታው ፍሬን ያዘና «ያቻት! አህያ ናት አይደል?» አለኝ። እኔ ከኋላ መስታወቱን በነጠላዬ ጠረግ አደረግኩ። ግራጫ ነው፣ አጠር ያለ ነው፣ ግንብ ላይ አገጩን አስደግፏል። «አህያ ናት፤ ለአህያ ደግሞ የተፍኪ ልጅ ነው የሚጠየቀው» አልኩ። ወደ ግራ ታጠፍን።

ፈረስ ነበር። የኮነማራ ፈረስ አጭርና በአብዛኛው ግራጫ እንደሆነ የተማርኩት በማግስቱ ነው። በእኔስ ይሁን፤ የሱሉልታ ሜዳ ላይ ፈረስ ሲጋልብ ያደገው ሰውዬ ምን ይባላል?

ቤቱ ደረስን። የአበባ ማሰሮ አለ፤ ብናነሳው ከሥሩ ቀንድ አውጣ እንጂ ቁልፍ የለም። የቡራዩዋ እጀታውን ብትነካው በሩ ብርግድ አለ። «ክፍት ትተውልን!» ብለን ሴትዮዋን መረቅናቸው። ውስጡ ይሞቃል። ግድግዳው ላይ ልቡን የሚያሳይ የኢየሱስ ሥዕል፣ ከሥሩ ቀይ መብራት። ያንቺን ጓዳ መሰለኝና አማተብኩ። ጠረጴዛው ላይ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጥርስ አለ። ሙሉ፣ የላይም የታችም።

«ማስታወቂያው ላይ ጥርስ አልተጠቀሰም» አለች የቡራዩዋ።

የበፊቱ እንግዳ ረስቶት ነው ብዬ ከነብርጭቆው አንስቼ ቡፌው የላይኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳሩ ኋላ ደበቅኩት። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ ጥርስ አያስደነግጠኝም። ወጡን አሞቅን፣ እንጀራውን ዘረጋን፣ እጃችንን ታጠብን። ገና ልንቆርስ ስንል በሩ ተከፈተና ቆባቸው የሚንጠባጠብ ሽማግሌ ከነውሻቸው ገቡ።

ሦስታችንም እንዳሳደጋችሁን ብድግ አልን። ሽማግሌው እኛን አዩ፣ እሳቱን አዩ፣ ዶሮውን አዩ። ከዚያ «ለስላሳ ቀን ነው» አሉ፤ ዝናቡን እዚህ እንዲያ ነው የሚሉት። እኛም የሴትዮዋ ባል ናቸው ብለን «ይግቡ፣ ይግቡ! ይቀመጡ!» አልናቸው። በገዛ ቤታቸው። የራሳቸውን ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው። አመስግነው ተቀመጡ!

ለካ የዚህ አገር ሰውም እንደኛው በይሉኝታ የተያዘ ነው። እሳቸው እንግዳን «ማነህ?» ማለት ነውር ሆኖባቸው፣ እኛ ደግሞ ባለቤትን «ምን ፈለጉ?» ማለት። ሻይ ላፍላ አሉ፤ ኧረ አይቸገሩ አልን፤ ግድ የለም አሉ፤ በጭራሽ አልን፤ በሦስተኛው ጠጣን። እኛም ብሉልን አልን፤ በቃኝ አሉ፤ የቡራዩዋ በሞቴ ብላ አጎረሰቻቸው። እንጀራ ደግሞ ጥርስ አይፈልግም። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ሁለተኛ ጉርሻ ጠየቁ።

አነጋገራቸው ግን ከአሥር ቃል አንዱ ቢያዝ ነው። ከኢትዮጵያ ነን ስንል ፊታቸው በራና «ሾንያ! ሾንያ!» አሉ። ሴትዮዋ ሾንያ ይሆን ስማቸው እያልን ስናወጣ ስናወርድ የሱሉልታው ድንገት ጠረጴዛውን መታ፤ «ሶንያ ኦሱሊቫን! ሲድኒ፣ 5,000 ሜትር!» እውነትም በ1993ቱ ኦሎምፒክ የእነሱ ሶንያ ብር ስትወስድ የእኛ ጌጤ ዋሚ ተከትላት ነሐስ ወስዳለች። የሱሉልታው ዝም ይላል? በ1994 ቀነኒሳ እዚሁ ደብሊን ላይ የዓለም አገር አቋራጩን አጭሩንም ረጅሙንም ጠራርጎ እንዳሸነፈ ክንዱን እያወዛወዘ አሳያቸው። ሽማግሌው ስላልገባቸው ዋና የሚዋኝ መሰላቸው።

ከዚያ ተነስተው ቤቱን ይፈትሹ ጀመር። መሳቢያ ይከፍታሉ፣ ትራስ ያነሳሉ፣ ሶፋው ሥር ያጎነብሳሉ። ለመያዣው ገንዘብ ዕቃ እየቆጠሩ ነው ብለን ሦስታችንም ከኋላቸው ተሰለፍን። የቡራዩዋ የነኩትን ሁሉ በጨርቅ ትወለውላለች፤ የሱሉልታው ስኒ እያነሳ «አልተሰበረም፣ ይኸው» ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ!

በዚህ መሐል መስኮቱ ጋ ስልኩ ጮኸ። ሴትዮዋ ናቸው።

«የት ቀራችሁ?»

«ገብተናል እኮ» አለ የሱሉልታው፤ «ከባለቤትዎ ጋር ራት በልተናል።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ባለቤቴ ከሞተ 11 ዓመቱ ነው።»

የሱሉልታው ስልኩን ዝቅ አድርጎ ሽማግሌውን ከቆብ እስከ ጫማ አየና በአማርኛ «ጥላ አለው?» አለኝ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሴትዮዋ ባትሪ ይዘው መጡ። ግን አልገቡም። ለካ ሁለቱ በአንድ የድንጋይ አጥር ምክንያት ከተነጋገሩ ዘመን አልፏል፤ ልክ እንደ አባዬና እንደ ጎረቤታችን ሻምበል። ሽማግሌው ለሴትዮዋ ሻይ ቀዱና በቡራዩዋ እጅ ላኩ፤ ሴትዮዋ ደጅ ዝናብ ላይ ቆመው ጠጥተው ስኒውን በእኔ እጅ መለሱ። አንድም ቃል አልተለዋወጡም።

ልንወጣ ስንል ታወሰኝ። ከስኳሩ ኋላ ብርጭቆውን አውጥቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ሽማግሌው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ጥርሳቸውን አደረጉ፣ አፋቸውን አሟሹ። መጀመሪያ የተናገሩት ጥርት ያለ ቃል «ለመሆኑ እናንተ እነማን ናችሁ?» የሚል ነበር።

በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ጠዋት ሌሎቹ ሳይነሱ እሳት አቀጣጠልኩ። እዚህ ከረግረግ ቆርጠው የሚያደርቁት አፈር አለ፤ ልክ እንደ ኩበት ከምረው ያስቀምጡታል። ሴትዮዋ አቀጣጠሉን ሊያስተምሩኝ መጥተው ነበር፤ እኔን ኩበት ሊያስተምሩ! ሲጨስ ግን እማዬ፣ ሽታው እንደ ቀሚስሽ ሆነብኝ። ትንሽ ቁጭ አልኩ። የቡራዩዋ መጥታ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ ጭሱ ነው አልኳት። «ጭሱ እኮ ወደ ላይ ነው የሚወጣው» አለችና እሷም አጠገቤ ቁጭ አለች። ከዚያ ተራራው ላይ ቢጫ አበባ አይተን አደይ ነው ብለን እየሮጥን ሄድን፤ ለካ ቁጥቋጦው ከላይ እስከ ታች እሾህ ነው። ለሽማግሌው የወሰድንላቸው እንቁጣጣሽ ከእኛ ደም ጋር ነው። በነገራችን ላይ የባሕር እይታውን ለማየት ሦስት ቀን ጉሙ እስኪገፈፍ ጠበቅን፤ የተገፈፈው ስንወጣ ነው። የቡራዩዋ ከመኪናው መስኮት አየችው።

የጣሪያ ቆርቆሮ መግዣውን ገንዘብ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሰው እጅ ልኬያለሁ፤ ለጋሼ ኮሚሽን የሚባል ነገር የለበትም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ስትልኪ በርበሬውን በዛ አድርጊው። ሽማግሌው ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ያለ ኪራይ እሳቸው ዘንድ እንድናርፍ ጠርተውናል፤ ሴትዮዋ ይህን ሰምተው ዋጋ ቀንሰዋል። አሁን በሁለቱ መሐል የምትመላለሰው የቡራዩዋ ናት።

አህያዋን አየኋት። እዚያው ድልድዩ ጋ፣ ከፈረሱ ሁለት አጥር አለፍ ብላ ቆማለች። ፎቶዋን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ማሙሽ፣ ለአባዬ አሳየውና ምን እንደሆነች ይንገርህ። እሱም ከተሳሳተ ጻፍልኝ።

ልጅሽ