ለዘፈን ተብሎ 2,000 ኪሎ ሜትር

ሰው ሲደላው ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ጎራ ይበልና የእህቴን ልጆች ይይልኝ። ሦስቱም አንዲት ላፕቶፕ ከበው ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ ይጨቃጨቃሉ። ውርስ የሚካፈሉ ነበር የመሰለኝ። ለካ አሜሪካ ሄደው፣ መኪና ተከራይተው፣ ሙዚቃ ሊከተሉ ነው! ከዋሽንግተን ናሽቪል፣ ከናሽቪል ሜምፊስ፣ ከሜምፊስ ኒው ኦርሊንስ። ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር። ሞያሌ ደርሶ መመለስ እንኳ ይህን አያህልም፤ ሞያሌ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቢያንስ ጉዳይ አለው።

«ጋሼ፣ ሮድ ትሪፕ እኮ ነው» አለችኝ ትንሿ፣ ያረጋጋችኝ መስሏት።

ኤክሴሉን አሳዩኝ። በየመንገዱ የሚደመጠው ዘፈን ሳይቀር ረድፍ ይዞ ተጽፏል። ከናሽቪል ሜምፊስ 340 ኪሎ ሜትር፣ ጆኒ ካሽ፤ ሜምፊስ ሲቃረብ ኤልቪስ። መነሻ 9፡00። «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላቸው ሁለቱ በፈረንጅ፣ አንዱ በሐበሻ አሉ። ከገርጂ ተነስተው ቦሌ በቀጠሮ ሰዓት ደርሰው የማያውቁ ልጆች የቴነሲን ግዛት በደቂቃ ለክተው ሊያቋርጡ!

የኤልቪስ ቤት ይሁን። ግሬስላንድ ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት ለቅሶ ቤት አላውቅም እንጂ ለቅሶ መድረስ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ያንገበገበኝ ክላርክስዴል ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ 61 እና 49 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ አላት። ሮበርት ጆንሰን የሚባል የብሉዝ ጊታሪስት እዚያ በእኩለ ሌሊት ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታሩን አስቃኘ ይባላል። ሰውዬው በ27 ዓመቱ ሞተ፤ ገበያው አላዋጣውም ማለት ነው። እነዚህ ደግሞ እዚያ ቆመው ፎቶ ሊነሱ! ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከገነት ከመጡ ሦስት አዕዋፍ ተማረ ሲባል ያደጉ ልጆች! «የንስሐ አባታችሁ ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ታሪካዊ ቦታ ነው» አሉኝ። ሰይጣንም ቅርስ ሆነላቸው።

ቀጥሎ የመኪናው ውል መጣ። እዚህ ቦሌ መኪና ስትከራይ አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ አብሮ ይመጣል፤ ዘፈኑንም እሱ ይመርጣል፣ አንተ ኋላ ተቀምጠህ ታማርራለህ። እዚያ ቁልፉን ይሰጡህና ጣጣው የራስህ ነው። ከስልክ ላይ አስነበብኳቸው። ዕድሜህ ከ25 በታች ከሆነ በየቀኑ ጭማሪ አለ። ሁለተኛ ሹፌር ሲመዘገብ ጭማሪ አለ። ዋሽንግተን ያነሳኸውን መኪና ኒው ኦርሊንስ ካስረከብክ ጭማሪ አለ። ነዳጁን ሞልተህ ካልመለስክ እነሱ በራሳቸው ዋጋ ይሞሉልሃል። የሚያጽናናው እዚያም የሚነዳው በቀኝ መሆኑ ብቻ ነው። እኛ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስንዞር ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ «በቅሎ እንኳ በአንድ ቀን ይህን አትለምድም» እያሉ ከቤት አልወጣም ብለው ነበር።

«ሙዚቃና መኪና ካማራችሁ ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ?» አልኳቸው። ተያዩ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች! ባንዱ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ለጉብኝት አሜሪካ ሄደ፤ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ኃይሉም እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ብቻውን ካሴት አወጣ። ኋላም ዓመታት ሙሉ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ፣ ከዕቃ መጫኛው ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታተመና ሰውዬው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። የልጆቹ አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያው ደለስ ነው። ኤክሴሉ ላይ ግን ደለስ «ሻንጣ መረከቢያ» ተብሎ ታልፏል።

ዋናው ነገር ደግሞ ጭራሽ አልገባቸውም። ሐበሻ አሜሪካ ውስጥ አይጓዝም፤ ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ይዛወራል። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስታቸው ዶሮ ሠርታ ሳምንት ሳትይዛቸው አትለቅም። እሷ ዘንድ አድረው አሌክሳንድሪያ ያሉት ዘመዶች ዘንድ ካላደሩ እስከ ልጅ ልጅ የሚዘልቅ ቂም ነው። ናሽቪል የጎረቤታችን ልጅ አለች፤ እናቷ ከአሁኑ በርበሬውን አስፈጭተው አምጥተዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሳሎናችን ውስጥ ሚዛን ቆሟል፤ ሽሮ፣ ኮሰረት፣ ድርቆሽ እየተመዘነ ነው። ትልቁ ጊታሩን ይዞ ሊሄድ አስቦ ነበር። እህቴ «በእሱ ቦታ ስንት ኪሎ ሽሮ ይገባል?» ብላ ጠየቀችው፤ ጊታሩ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሆኖ መኪና አከራዩ ክሬዲት ካርድ ይላል፤ ያውም በተከራዩ በራሱ ስም። ከሦስቱ ያለው የለም። ዘመድ አዝማዱን ስናገላብጥ አንድ የአጎታቸው ልጅ ተገኘ። ሰው አክባሪ፣ ረጋ ያለ፣ ካርዱ ንጹሕ። በስሜ እከራያለሁ፣ ራሴም እነዳለሁ፣ ከሥራም ፈቃድ ወስጃለሁ አለ። ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ግን መኪናው ውስጥ ዓለማዊ ዘፈን አያስከፍትም።

ኤክሴሉን ላኩለት። ሞልቶ መልሶታል፤ ከዋሽንግተን እስከ ሜምፊስ ያለው መዝሙር ነው። ክላርክስዴልን ሰርዞ እሑድ ጠዋትን ሜምፊስ ላለ ቤተ ክርስቲያን ሰጥቶታል። ፓስተሩ ታዋቂው የሶል ሙዚቃ ዘፋኝ አል ግሪን ነው፤ ዘፈኑ እየተሸጠለት ሰባኪ ሆኖ በ1976 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ቤት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጮቤ ረገጡ። እኔም አልተቃወምኩም፤ ብቻ በጀቱ ውስጥ አሥራት የሚል ረድፍ አላየሁም።