ሙዚቃ ጨምርበት

ድሬዳዋ ላይ ሁለት ባጃጆች ሲጋጩ ከትራፊክ ፖሊሱ ቀድሞ የሚደርሰው ዳይሬክተሩ ነው። ማንም አልሾመውም። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጠበት ብድግ ይልና አንድ እግር ሰንደል ጫማውን አውልቆ አስፋልቱ ላይ ያስቀምጣል። «ይሄ ከሳቢያን የመጣው ነው» ይላል። ለሌላኛው ባጃጅ ከሱቅ የለስላሳ ሳጥን ይመጣለታል። የመብራት ምሰሶውን የጫት ገረባ ይተካዋል። ከዚያ ጫማው ሳጥኑን ይገጨዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ ይገጨዋል፤ ላልገባው ሰው ቀስ ተብሎ ይደገማል። «ኧረ አቦ፣ እንደሱ አይደለም!» የሚል ሌላ ሰው ሳጥኑን ነጥቆ የራሱን ፊልም ይጀምራል። ከተራኪዎቹ ግማሾቹ ግጭቱ ሲደርስ ቀፊራ ገበያ ነበሩ፤ ይህ ግን ዝርዝሩን ከማስታወስ አላገዳቸውም።

ትራፊክ ፖሊሱ ሜትሩን ይዞ ይመጣል፤ የጎማውን አሻራ ለክቶ ፕላን ያነሳል። «ያየ ሰው ስሙን ያስመዝግብ» ሲል ግን አካባቢው ጭር ይላል። ዳይሬክተሩ ጫማውን አጥልቆ ተሰውሯል፤ ሰዓቱ የበርጫ ነው። በስፍራው የሚቀረው ምስክር የለስላሳ ሳጥኑ ብቻ ነው፤ እሱንም ባለሱቁ ይወስደዋል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ነው አንድ የማውቀው የሳቢያን ልጅ «ለፍርድ ቤትና ለቴሌቪዥን የኮምፒዩተር አኒሜሽን እየሠራሁ በፍሪላንስ እኖራለሁ» ብሎ የተነሳው። ከመሬት ተነስቶም አይደለም። ብሌንደር የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ በፈረንጆቹ 2025 የአኒሜሽን ኦስካር የወሰደው «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚሁ ነው። ከድሬው ታይዋን ገበያ የገዛት ላፕቶፕም አለችው። ቀን ቀን የድሬ ሙቀት ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት ሬንደር የምታደርገው (ምስሉን አስልታ የምታወጣው) ሌሊት ነው። ማታ ለኩሷት ይተኛል፣ ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ጠዋት ግማሽ ባጃጅ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

ሐሳቡ የመጣለት ከአሜሪካ ነው። እዚያ በፈረንጆቹ 1984 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በታየ የመኪና አደጋ ክስ፣ ዳኛው ንድፍ በእጅ ተሳለ በኮምፒዩተር ለውጥ የለውም ብለው የኮምፒዩተር ምስል እንዲቀርብ ፈቀዱ። በ1985 ዳላስ ላይ የተከሰከሰው የዴልታ አውሮፕላን ሙግት ሲካሄድም የበረራው መጨረሻ በአኒሜሽን ታየ። በ1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወንድሙን በጥይት ገድሏል የተባለ ሰው ሲዳኝ፣ ጥይቶቹ የሄዱበት መስመር በስክሪን ላይ ቀረበ። ልጁ እነዚህን ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል። በተለይ የሚወደው የፔንሲልቬንያውን ነው። ሚስቱን ገድሎ «ራሴን ስከላከል ነው» ባለ ሰው ላይ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው አኒሜሽን ከ10,000 እስከ 20,000 ዶላር እንደሚያወጣ ተገምቶ ነበር። ተከሳሹ «እኔ ድሃ ነኝ፤ በምን አቅሜ እንዲህ ያለ ፊልም አሠርቼ እከላከላለሁ?» ቢልም፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ማስረጃውን አጸናው። ልጁ ከዚህ ፍርድ የሰማው ዋጋውን ብቻ ነው።

ፍርዱ ውስጥ ግን ከዋጋው የሚበልጥ ቁም ነገር ነበር። ያ አኒሜሽን ተቀባይነት ያገኘው ደረቅ ስለሆነ ነው። ድምፅ የለውም፤ በሰዎቹ ፊት ላይ ቁጣም ፍርሃትም አይነበብም፤ የሚያሳየው ባለሙያዎች ከለኩትና ከመረመሩት ተነስተው የደረሱበትን አስተያየት ብቻ ነው። ያም ሆኖ በጉዳዩ ለመፍረድ የተቀመጡት ተራ ሰዎች (ጁሪ የሚባሉት) ፊልሙን ሲያዩ ድርጊቱን በዓይናቸው ያዩት እንዳይመስላቸው ዳኛው አስጠንቅቀዋቸዋል።

በሃገራችን እነዚያ ተራ ሰዎች የሉም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርዱን ለባለሙያ ዳኛ ነው የሰጠው፤ ዳኛው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በመዝገብ ክምር ታጥሮ የተቀመጠ፣ ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅለት የሚመኝ ሰው ነው። ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግም እስካሁን የለንም። ስለዚህ የፍርድ ቤት አኒሜሽንን የከለከለው የለም፤ የጠየቀውም የለም።

ልጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ አንድ የታወቀ ጠበቃ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ አይሱዙ ባጃጅ ሲገጭ አሳየው። ጠበቃው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየና ሻዩን አስቀመጠ።

«አሪፍ ነው። ይቺ ላፕቶፕ ግን ቃለ መሃላ ትፈጽማለች?»

«እንዴት?»

«ስማ አቦ፣ ዳኛው "ማን ለካው?" ይለኛል። "ይሄ ልጅ" እላለሁ። ቀርበህ "እኔ ነኝ የለካሁት" ብለህ ትምላለህ?»

«እኔማ አልነበርኩም።»

«በቃ፣ አንተም እንደ ሰዉ ነህ» አለና ሒሳብ ጠራ።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄዶ ላየው፣ እኛ ችሎት ላይ ምስል ለመፍጠር ማሽን ኖሮን አያውቅም፤ አስፈልጎንም አያውቅም። በበላ ልበልሃ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ዘንጋቸውን እየነቀነቁ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ ሙሉ ቲያትር ይሠሩ ነበር። ድንበሩ የተገፋበት ሌሊት፣ በሬው የተነዳበት ጎዳና ሁሉ በምላስ ይሳል ነበር። አፉ የቀናው ይረታል፤ ገመድ ይዞ ወርዶ ድንበሩን የለካው ግን አፍ ከሌለው ርስቱን አጥቶ ይመለሳል። ደንበኞቹ ልጁ ዘንድ ሲመጡ ይህንኑ ልማድ ይዘው ነው።

የመጀመሪያው ደንበኛ የተገጨ ባጃጅ ባለቤት ነበር። ልጁ የፖሊሱን ፕላን ይዞ፣ ሜትር በሜትር ለክቶ ሠራለት። ሰውየው ሲያየው ፊቱ ጠቆረ።

«የኔ ባጃጅ እንዲህ ትሮጣለች እንዴ? ቀስ አድርጋት።»

«በፕላኑ የፍሬኑ አሻራ ይሄን ያህል ነው።»

«ፕላኑን ተወው! እኔ ነኝ ወይስ አንተ ነህ የነበርከው? ያንን ደግሞ እንደ ጥይት አምጣው። የሾፌሩን ፊት ክፉ አድርገው። መጨረሻ ላይ ዘግይቶ ይቁምና...» ትንሽ አሰበና «...ሙዚቃ ጨምርበት። የሚያሳዝን።»

በማግስቱ ተከራካሪው መጣ። ፊልሙ መኖሩን ሰምቷል፤ ድሬ ውስጥ ወሬ እንደሆነ ሬንደር አይፈልግም። «ያንኑ ገልብጠህ ሥራልኝ» አለ። «ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ግን ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው።» የዋሁ ልጅ ሁለቱም የሚጠሉትን አንድ እውነተኛ ፊልም ይዞ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች በሽማግሌ ታርቀው አብረው ሲቅሙ ታዩ፤ የልጁን ሒሳብ ግን ሽማግሌዎቹ አላነሱትም።

ከዚህ በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ፊቱን አዞረ። አንድ ጣቢያ መግቢያ ሥራልን አለው፤ መሬት ትሽከረከራለች፣ ከውስጧ የወርቅ ፊደል ይወጣል። ስለ ክፍያ ሲያነሳ «ስምህ መጨረሻ ላይ ይወጣልሃል» ተባለ። በእርግጥም ወጣ። እናቱ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ ጠበቀችው፤ ፊደሉ በሚያልፍበት ፍጥነት የልጇን ስም ከአልባሳቱ ስፖንሰር መለየት አልቻለችም። የሙያው ነገር በሃገራችን ጭራሽ የማይሆን ሆኖ አይደለም። የክፍል መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቁማ፣ በአሻንጉሊቷ ቀጭኔ በፀሐይ ጀምራ «ጥበብ ገርልስ» የተባለ አኒሜሽን እስከ መሥራት ደርሳለች። እሷ ግን ጣቢያ እስኪጠራት ደጅ አልጠናችም፤ የራሷን ፕሮግራም ይዛ ነው የገባችው።

ኒውዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤም በፈረንጆቹ 2011 «ሒሳብ» የሚል አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። መነሻው ሁላችንም የምናውቃት የታክሲ ተረት ናት። አህያ ሒሳቧን ከፍላለችና መኪና ሲመጣ ንቅንቅ አትልም፤ ፍየል ሳትከፍል ወርዳለችና መኪና ስታይ ትፈረጥጣለች፤ ውሻ መልሱ አልተሰጠውምና እስከ ዛሬ መኪና ይከተላል። ፍሪላንሰር ማለት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«ታዲያ ለምን ለውጭ ሃገር ደንበኛ አትሠራም?» ይሉታል ዘመዶቹ። ኢንተርኔቱ አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ኔትወርኩን ሲለቅ የመጀመሪያዋ ከተማ ድሬዳዋ ነበረች፤ ድሬ በዚህ እስከ ዛሬ ትኮራለች። ሥራው ይወጣል፤ የሚያስቸግረው የገንዘቡ መግቢያ ነው። ደንበኛው በፔይፓል እልካለሁ ይላል፤ የኢትዮጵያ አካውንት በፔይፓል መላክ እንጂ መቀበል አይችልም። መፍትሔው ዱባይ ያለ የአክስት ልጅ ሆነ። ዶላሩ የአክስቱ ልጅ ዘንድ በሰላም ደረሰ፤ እስካሁንም እዚያው በሰላም አለ። የአክስት ልጅ ደግሞ አይከሰስም።

በመጨረሻ በደንብ የሚከፍል ደንበኛ የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ ነው፤ ቤት ሻጮች። ያልተሠራ ሕንፃ ማሳየት ነው ሥራው። ፍሬን አሻራ የለም፣ ፕላን የለም፣ «ማን ለካው?» የሚል ዳኛ የለም። እኔም ውጤቱን አይቼዋለሁ። ሠፈሩ ድሬዳዋ ነው ተብሏል፤ ባጃጅ ግን አንድም የለም። ፍየል የለም፤ በቀትር ጥላ ፍለጋ ግድግዳ የሚታከክ ሰው የለም። በነጻ የተገኙ የኮምፒዩተር ሰዎች ስለሆኑ ነዋሪዎቹ ባለወርቃማ ጸጉር ናቸው፤ አንዷ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ውሻዋን ታናፍሳለች። በድሬ ፀሐይ! ሙዚቃውም አለበት። የውሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ በጉንዳን ፊደል «ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው» ይላል። ለባጃጅ ግጭት ለመክፈል የሚያቅማማው ሰው ለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ይሰለፋል። ቤቱ በቀጠሮው ቀን ያልተሠራ እንደሆነ ሙግት ይነሳል፤ ያኔ ቪዲዮው የገዢዎቹ ኤግዚቢት ሆኖ ችሎት ይቀርባል። የልጁ ምኞት የሚሳካው ምናልባት በዚህ መንገድ ነው። እርግጥ በምስሉ ስናውቀው የኖርነው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 በእውን ተመርቋል፤ ቤት ሻጭ ሁሉ ግን ዓባይን አይገድብም።

የዚያኑ ቪዲዮ ሁለተኛ ረቂቅ ሲያስረክብ ደንበኛው ስክሪኑን በጣቱ ነካ። «ይሄ ቢጫ ነገር ምንድነው?»

«ደቻቱ ነው። አሸዋው።»

«አጥፋው። ሣር አድርግበት።»

ልጁም ሣር አደረገበት። በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው የደቻቱ ወንዝ በሁለት ክሊክ ለመለመ።

ልጁ ግን ተጸጸተ መሰል፣ ማንም ሳያዝዘው ሌላ ፊልም ሠራ። ድምፅ የለውም፤ የሰው ፊት የለውም። ከላይ ከደጋው ዝናቡ ይወርዳል፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው በደረቁ አሸዋ ይመጣል፤ የትኛው መንደር ጋ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ከጎን ይቆጥራል። ለዚህኛው ሜትር ይዞ ወርዶ ራሱ ለክቷል፤ አሁን ዳኛ ቢጠራው ይምላል። ይዞት ብዙ በር አንኳኳ። ሁሉም አደነቁት፤ ሻይም ጋበዙት።

ያዘዘው ግን የለም፤ እኔም አልተገረምኩም። ባለ ባጃጁ ያዘዘው ለመርታት ነበር፤ ቤት ሻጩም ለመሸጥ። በደቻቱ ፊልም ማንም ማንንም አይረታም። የማይረታበት ነገር ድሬ ላይ ገዢ የለውም፤ ሌላ ከተማም ቢወሰድ ዕጣው የሚለይ አይመስለኝም።