ቪዮላ በሜዳ፦ ለስላሳ ድምፅ ከቤት ውጭ ስለሚደርስበት ነገር የተደረገ ምርመራ

የምርመራው መነሻ ጥያቄ ቀላል ነው። መቶ የሚጠጉ ሙዚቀኞች ነጭ ኮት ለብሰው በሐምሌ ምሽት መድረክ ላይ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው አንዲት ሴት ቪዮላ ይዛ ትቆማለች። ከእሷ ማዶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሣር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ዶሮ ይበላል። ለመሆኑ ዝግጅቱ የማን ነው? የሙዚቃ ሊቃውንት እስካሁን የመድረኩን ወገን ብቻ ሲመረምሩ ኖረዋል። ዶሮውን ያላገናዘበ ዕውቀት ጎደሎ ነውና ክፍተቱን ለመሙላት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

ለጥናቱ የተመረጠው ቦታ ታንግልዉድ ነው። በማሳቹሴትስ ምዕራብ፣ በበርክሺር ኮረብታዎች መካከል የሚገኝ ግቢ ሲሆን የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ1937 ከገባበት ጊዜ አንስቶ የሞቃት ወራት መኖሪያው ነው። በሐምሌ ደጅ ወጥቶ ሣር ላይ መቀመጥ አዲስ አበባ ላደገ አንባቢ የጤና እንደማይመስለው እንረዳለን። እዚያ ግን ወሩ የፀሐይ ነው፤ ነው ይባላል።

ይባላል ያልነው በምክንያት ነው። በዚያው በ1937 ኦገስት ውስጥ፣ በድንኳን ሥር የዋግነር ሥራዎች ብቻ በሚቀርቡበት ምሽት ነጎድጓድ መጣ። ጩኸት የማይፈራው የ«ሪየንዚ» መክፈቻ እንኳ መሀል ላይ ተቋረጠ። ለስለስ ያለው ሥራ ደግሞ በዝናቡ ውስጥ እንደማይሰማ ታውቆ ጭራሹን ተሰረዘ። ገርትሩድ ሮቢንሰን ስሚዝ የተባሉት የፌስቲቫሉ አስተባባሪ ጊዜ አላጠፉም፤ በዕረፍቱ ሰዓት መድረክ ላይ ወጥተው ለቋሚ ጣሪያ መዋጮ ጠየቁ። የራሰ ሰው ለጣሪያ እጁን እንደሚፈታ በሳይንስ የተረጋገጠው ያን ምሽት ሳይሆን አይቀርም። ፊንላንዳዊው አርክቴክት ኤሊየል ሳሪነን ንድፍ አመጡ፤ ዋጋው ተወደደ። ቀንሰው አመጡ፤ አሁንም ተወደደ። በመጨረሻ ሳሪነን በዚህ በጀት የሚገኘው ዳስ ብቻ እንደሆነ፣ ዳስ ለመሥራት ደግሞ አርክቴክት እንደማያስፈልግ ጻፉላቸው። ቦርዱ አልተቀየመም። ምክሩን ቃል በቃል ተቀብሎ ሥራውን ለአካባቢው መሐንዲስ ለጆሴፍ ፍራንዝ ሰጠ። በ1938 የተከፈተው ሕንፃ እስከ ዛሬ በይፋ ዳስ ተብሎ ይጠራል። ወደ 5,000 ሰው ከጣሪያው ሥር ይይዛል፤ ጎኑ ግን ክፍት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ለስላሳ ሙዚቃ ሜዳ ላይ ራሱን መከላከል እንደማይችልና የሰው ልጅም አዝኖለት ጣሪያ እንደሠራለት ነው። ግድግዳ ላይ ሲደርስ ግን ሐዘኑ ቆመ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ቪዮላ ከቫዮሊን በአምስተኛ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይቃኛል። ስሌቱ ጨካኝ ነው፦ ድምፁ በዚያ ልክ ሲወርድ ሣጥኑም በአንድ ተኩል እጥፍ ማደግ ነበረበት። የቫዮሊን ሣጥን 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ የቪዮላው 53 መድረስ አለበት ማለት ነው። ያን የሚያህል ነገር አገጭ ሥር አድርጎ የሚጫወት ክንድ አልተፈጠረም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከሰው ትከሻ ጋር ተደራድረው በ38 እና በ43 መካከል ቆሙ፤ እዚያም ላይ አልተስማሙም፤ ቪዮላ ቁርጥ ያለ መጠን እስከ ዛሬ የለውም። የድርድሩ ውጤት ትንሽ የታፈነ፣ ትንሽ የጎረነነ፣ ምስጢር እንደያዘ ሰው ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነው። እኔ በበኩሌ ከቫዮሊን አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ይህ ግን ከጥናቱ ግኝት ጋር ግንኙነት የለውም።

አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው የተቀበለውን ድምፅ መልሶ ይሰጣል። ሜዳ ግን የተበደረውን አይመልስም። ቫዮሊን ከፍ ያለ ድምፅ አለውና ቢያንስ ይጮኻል፤ ቼሎ መሬት ተክሎ ይቀመጣል። ቪዮላ የሚሰማበት ክልል ቀንደ መለከቶቹ፣ ክላሪኔቶቹና ሣሩ ላይ የሚያወራው የሰው ድምፅ ሁሉ የሰፈሩበት ሰፈር ነው። ሶሊስቷ ከኦርኬስትራው ብቻ ሳይሆን ስለ ቤት ኪራይ ከሚጨዋወቱ ባልና ሚስት ጋርም ትፎካከራለች።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። የቫዮሊን ሊቁ ኒኮሎ ፓጋኒኒ ግሩም የስትራዲቫሪ ቪዮላ እጁ ቢገባ የዜማ ደራሲውን ቤርሊዮዝን ሥራ እንዲጽፍለት ጠየቀ። ቤርሊዮዝ «ሃሮልድ በኢጣሊያ»ን መጻፍ ጀመረ። ፓጋኒኒ ረቂቁን ሲያይ ቪዮላው ዝም የሚልበት ቦታ በዛበትና ተወው፤ በ1834 ፓሪስ ላይ ሲቀርብ የተጫወተው ሌላ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ፓጋኒኒ ሥራውን ሲሰማ ግን ቤርሊዮዝ ፊት ተንበረከከ፤ 20,000 ፍራንክም ላከለት። ምሁራን ይህን በልግስና ይተረጉሙታል። የእኛ ትርጓሜ ይለያል፤ በመጨረሻው ክፍል ሶሊስቱ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ሌሎችን ያዳምጣል፤ ፓጋኒኒም ከምን እንደተረፈ የገባው ያኔ ነው። ሜዳ ላይ ግን ይኸው ዝምታ ጥቅም አለው። ሶሊስቷ ባልተጫወተችበት ጊዜ አልተሰማችም ብሎ የሚከሳት የለም።

የዋልተን የቪዮላ ኮንቼርቶ እጣም ብዙ የተለየ አይደለም። ዊልያም ዋልተን ለታላቁ የቪዮላ ሰው ለላየነል ተርቲስ ቢልክለት ተርቲስ መለሰው። በ1929 ለንደን ላይ የተጫወተው ራሱ የዜማ ደራሲ የሆነው ፓውል ሂንደሚት ነው። ሥራው የሚያልቀው በዝግታ፣ ድምፁ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ነው። አዳራሽ ውስጥ ይህ ፍጻሜ ትንፋሽ ያስይዛል። ሣር ላይ ግን አበቃ ወይስ ነፋሱ ወሰደው የሚለውን ለመለየት የጎረቤትን እጅ ማየት ያስፈልጋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ በእጁ የወይን ጠርሙስ ይዟል።

የጠርሙሱ ቡሽ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባው ነበር። ታንግልዉድ ሣር ላይ ሰው ሻማና መቅረዝ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የመስታወት ብርጭቆ ይዞ ይመጣል፤ ተጣጣፊ ወንበር ብቻ ያመጣ ሰው እንደ ችግረኛ ይታያል። ቡሽ የሚከፈተው ሁልጊዜ በዝግታው ክፍል ላይ ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ሰው ጸጥታ ሲሆን እጁ ሥራ ይፈልጋል። በዚያው ሰዓት የማቀዝቀዣ ቦርሳው ዚፕ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ክንድ ያህል ይጓዛል፤ ባለቤቱ እንዳይረብሽ ብሎ ቀስ ስለሚያደርገው ድምፁ በሦስት እጥፍ ይረዝማል። ከአገራችን ሰዎች ቆሎ ይዞ የሚሄድ ቢኖር ከትሮምቦኖቹ ጋር እንዲያኝክ ይመከራል።

እዚህ ላይ አንድ የማይጠበቅ ግኝት አለ። ሣር ላይ ያለው ሕዝብ የሚሰማው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ማጉያው ደግሞ ለቪዮላ ከአርክቴክቱም ከሠሪውም ይልቅ ደግ ነው። ስለዚህ ውድ ቲኬት ገዝቶ ዳሱ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አስግጎ ሲፈልጋት፣ ርካሹን ይዞ ዛፍ ሥር የተጋደመው ሶሊስቷን ጆሮው ሥር ያገኛታል። እሱ ግን ስለ ኪራይ እያወራ ነው።

አደጋ ሲደርስም ቪዮላ ፍትሕ አያገኝም። በ1986 በዚሁ መድረክ የ14 ዓመቷ ቫዮሊን ተጫዋች ሚዶሪ፣ የዜማ ደራሲው በርንስታይን የራሱን «ሴሬናድ» እየመራ ስትጫወት፣ የቫዮሊኗ ክር ተበጠሰ። ከኦርኬስትራው ቀዳሚ ቫዮሊነኛ ቫዮሊን ተቀብላ ቀጠለች። ያም ተበጠሰ፤ ሦስተኛ ተቀብላ ጨረሰች፤ ከዚያም ኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣች። ይህ በቪዮላ ቢሆን ኖሮ? ቀደም ብለን እንዳየነው ቪዮላ አንድ መጠን የለውም። ከጎረቤት የተቀበለችው መሣሪያ በጣት ስፋት ቢረዝም የምታውቃቸው ድምፆች ሁሉ ከቦታቸው ፈቀቅ ብለው ነው የምታገኛቸው።

ስለ ነፋሱ ባጭሩ፦ የኖታ ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። ገጽ ለመገልበጥ መቆንጠጫውን ማንሳት፣ ገልብጦ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህም ኖታው ላይ ያልተጻፈ የሁለት ምት ዕረፍት ይፈጥራል። የእሳት ራት ደግሞ የመድረክ መብራት ስለሚወድ ደጋኑ ላይ ያርፋል፤ ደጋኑ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሄዳል።

የፕሮግራም አወጣጥን በተመለከተ፣ ኮንቼርቶ እንደ ልማዱ ከዕረፍቱ በፊት ይቀመጣል። ታንግልዉድ የሚያዘጋጀው «የሰልፍ ቀን» የሚባለው ትልቅ ዝግጅት ደግሞ በልማዱ በቻይኮቭስኪ «1812» መክፈቻ፣ በመድፍና በርችት ይዘጋል። ለቪዮላ መድፍ የጻፈ እስካሁን የለም። ሶሊስቷ በዕረፍቱ ሰዓት መሣሪያዋን ሣጥኑ ውስጥ ከትታ መኪናዋን ማንም ሳያግዳት ታወጣለች፤ የቀረው ሕዝብ ደግሞ መድፉ ሲያበቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊወጣ ተሰልፎ እስከ እኩለ ሌሊት ክላክስ ያስጮኻል።