ግንዛቤ በለስላሳ

የጤናማ አመጋገብ ግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና ስለ ጎመን እየተወራ ሥጋ የሚበላበት ስብሰባ ነው። ዓላማው የገጠሩ ነዋሪ ማሳውና ጓሮው የሚሰጡትን እንዲበላ ማስተማር ሲሆን፣ የሚካሄደው ግን ማሳም ጓሮም በሌለበት የሆቴል አዳራሽ ነው። ያለ ባነር፣ ያለ አበል መክፈያ ቅጽና ያለ ፕሮጀክተር አይጀመርም። አመጋገቡ ሰዓት ከተረፈ ይነሳል።

ስልጠናው መነሻ የለውም ብሎ ማማት አይቻልም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ገብቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የራሷን የአመጋገብ መመሪያ ይፋ አድርጋለች። የመመሪያው ፍሬ ነገር ምግብን ማሰባጠር፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተር፣ ስኳርና ጨው መቀነስ ነው። ልጅ ያሳደገች ሴት ቡናው እስኪፈላ ተናግራ የምትጨርሰውን ይህን ምክር ሁለት ቀን ሙሉ ማስረዘም ሙያ ይጠይቃል፤ ሙያተኛ ደግሞ ሞልቷል።

ለስልጠናው ከሚጠሩት መካከል የዋሂል ሰዎች አይጠፉም። ዋሂል ከቢዮ አዋሌ፣ ከጀልዴሳና ከአሰሊሶ ጋር በድሬ ዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተርነት የሚታወቅ ቆላማ አካባቢ ነው። ዝናቡ የማይታመን፣ ዋናው ሰብሉ ማሽላና በቆሎ፣ ሀብቱ ፍየልና ላም፣ ውኃ በተገኘበት ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። እንግዲህ ማሽላ ከነገለባው ሲፈጭ አሰር የሞላበት፣ ሆድ ላይ የሚቆይ እህል ነው፤ ወተት ሲጨመርበት ደግሞ መመሪያውን ላዘጋጁት ባለሙያዎች ለማረም የሚያስቸግር ምግብ ይወጣዋል። ባሕር ማዶ ዱቄቱ «ግሉተን የሌለው» ተብሎ ከስንዴ በላይ በሆነ ዋጋ ይሸጣል። እዚህ ግን የስንዴ ዱቄትና ፓስታ መግዣ ያጣ ሰው ቀለብ ተደርጎ ስለሚታይ፣ በስልጠናው ምሳ ላይ ማሽላ ማቅረብ እንግዳን መስደብ ነው።

የስልጠናውን ጥበብ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የዕንቁላል ጉዞ ነው። ዕንቁላሉ የሚጣለው ገጠር ነው። አንዲት የዋሂል እናት ጭድ በተነጠፈበት ዕቃ ውስጥ እያጠራቀመች፣ እንዳይሰበር በእጇ ይዛ ድሬ ዳዋ ቀፊራ ገበያ ታወርደዋለች። ባገኘችው ብር ስኳር፣ ፓስታና የረጋ ዘይት ትገዛለች፤ የረጋ ዘይት የሚባለው የፓልም ዘይት ሲሆን ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ስብ ነው። ዕንቁላሉን ነጋዴው ለሆቴል ያስረክባል። በማግስቱ ጠዋት አሠልጣኙ ቁርሱን በቃሪያና በቲማቲም አስጠብሶ ይበላዋል። ከዚያ አፉን ጠርጎ አዳራሽ ይገባና ለዚያችው እናት «ልጅሽን በየቀኑ አንድ ዕንቁላል መግቢ» ይላታል። እናቲቱም ትጽፋለች፤ መጻፍ ካልቻለች ራሷን ትነቀንቃለች። የዕንቁላል ጥቅም እንዳልጠፋት፣ የጠፋው ዕንቁላሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ክፍል በመልመጃው ውስጥ የለም። ሕፃኑን ታበላው እንደሆን ስኳሩ፣ ዘይቱና የትምህርት ቤቱ ደብተር በምን እንደሚገዛ ማንሳትም ከርዕስ መውጣት ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሞላ የሻይ ዕረፍት ይታወጃል። አስተናጋጁ ትሪውን ተሸክሞ በረድፎቹ መሐል ያልፋል፤ ጠርሙሶቹ ላባቸው እየወረደ፣ ብስኩቱ ከነላስቲኩ፣ ሳምቡሳው ዘይቱ ወረቀቱን አርሶት። የድሬ ዳዋ ሙቀት ለዚህ በቂ ምክንያት ነው፤ ውኃም ሙቀት እንደሚያበርድ ማንም አልካደም። በዚህ መሐል ፕሮጀክተሩን ያጠፋው ስለሌለ፣ ግድግዳው ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እንደበራ ይቆያል፦ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን። አምስት በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ባለ 330 ሚሊ ሊትር አንድ ኮካ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። ሠልጣኙ የቀን ድርሻውን ከነትርፉ በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ፣ ጥርሱን በምላሱ እየዳበሰ «ስኳር ቀንሱ» የሚለውን ያነባል። ለፍትሕ ሲባል ይህም መነገር አለበት፤ ድሬ ዳዋ የራሷ የኮካ ኮላ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ስለዚህ «በአካባቢያችሁ የሚመረተውን ተጠቀሙ» የሚለው መልእክት ቢያንስ በዚህ በኩል ሥራ ላይ ውሏል።

ምሳው ቡፌ ነው። አትክልት የለም የሚል ሐሰተኛ ነው፤ ሰላጣው ከሥጋው ሥር ተነጥፏል፣ ካሮቱም በአበባ ቅርጽ ተቆርጦ ሩዙ ጫፍ ላይ ተሰክቷል። ሁለቱም እንደመጡ ወደ ማድቤት ይመለሳሉ።

ከምሳ በኋላ የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ይከተላል። በበጀት ከሱፐርማርኬት የተገዛ ዱቄት፣ በበጀት የተገዛ ካሮት፣ በበጀት የተገዛ ወተት በአንድ ድስት ገብቶ ገንፎ ይሆናል፤ ፎቶ ይነሣል፤ አንድ ሕፃን ተፈልጎ ይቀምሳል። ይህ ክፍል ግን ሰው ይጎድለዋል፤ የበርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያ ሰዓት ነውና። በሐረርጌ ጫት በማሽላው መሐል ተተክሎ የሚበቅል ሰብል ነው፤ ውኃው የሚጠጋውም ወደ እሱ ነው፤ ከማሽላ ይልቅ ብር ያስገኛልና ገበሬውን መውቀስ ይከብዳል። ቅጠሉ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እራቱን ያዘገያል፣ አፍ ያደርቃል፤ የደረቀ አፍ ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይጠራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ስለ አመጋገብ ተወርቶ ጫት ካልተነሣ ወሬው ግማሽ ነው። በስልጠናው ሰነድ ውስጥ ግን ጫት አይገኝም። የቀረበት ምክንያት ተጽፎ ባይገኝም፣ ከሰዓት በኋላ ጉንጫቸው የሚያብጠው ሠልጣኞቹ ብቻ እንዳልሆኑ ለሚያውቅ ሰው ብዙም አያስገርምም።

ውጤቱ የሚለካው በሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሴት ነው ብሎ ይቆጥራል። ከስልጠናው በኋላ በየቤቱ ምን ተበላ የሚል አምድ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ አንድ ሰው ዋሂል ድረስ ሄዶ ድስት መክፈት ነበረበት። ይልቁንም ሠልጣኞቹ ፈተና ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይፈተናሉ፤ ማታ ይሻሻላሉ። በተከታዩ ዓመት የማነቃቂያ ስልጠና ይሰጣቸዋል።

ይሁንና ሠልጣኙ ምንም ሳይማር ተመለሰ ማለት ስህተት ነው። ዓይኑ ያየውን ተምሯል፦ የተማረ ሰው ለስላሳ እንደሚጠጣ፣ የተከበረ እንግዳ ብስኩት እንደሚቀርብለት፣ ፓፓያ የሚነገርለት እንጂ የሚቀርብ እንዳልሆነ። ይህን ትምህርት አገሩ ሲደርስ በታማኝነት ይፈጽማል። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፤ የታመመ ሲጠየቅ ጠርሙስና ብስኩት ይያዛል፤ ወተቱ ለገበያ ይቆያል።

የሻይ ዕረፍቱን ለምን በተቀቀለ ዕንቁላል፣ በፓፓያና በበቆሎ እሸት አታደርጉትም፣ ከራሳቸው ከዋሂል እናቶችስ ለምን አትገዙም ብሎ የጠየቀ ቢኖር መልሱ ዝግጁ ነው። ሐሳቡን አመጋገብ ላይ የሚሠራው ክፍል ይወደዋል፤ ፋይናንስ ግን ይመልሰዋል። ግዢ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይወራረድም፤ እናቲቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የላትም። ሆቴሉ አለው። ስለዚህ ዕንቁላሏ በነጋዴው በኩል ሆቴል ከገባ በኋላ፣ ተጠብሶ፣ ቫት ተጨምሮበት፣ በደረሰኝ ሲወጣ ያን ጊዜ ለስልጠናው ብቁ ይሆናል።