ዕቅድ ከሻይ ዕረፍት በኋላ

የአገር ዕቅድ የሚወጣው አዲስ አበባ የሚመስለው፣ አዳማ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። የፖሊስ አመራሩም ለዕቅድ ስብሰባ ከሞጆ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ ወደዚያው ይመጣል፤ የታሸገ ውኃ፣ እስክሪብቶና ማስታወሻ ደብተር ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴት። ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን የተባሉትን የአሠራር ለውጦች በየተራ ላሳለፈ ሰው፣ ቀዝቀዝ ያለ አዳራሽ ውስጥ ስለ 2022 ማሰብ እንዴት ደስ ይላል!

የአዳማ ፖሊስ ግን ይታዘንለት። ከተማዋ በ1992 የኦሮሚያ ዋና ከተማ ሆነች፤ በ1997 የክልሉ መቀመጫ ወደ ፊንፊኔ (አዲስ አበባ) ተመለሰ። በዚያ መሃል ለዋና ከተማ የሚመጥን የረጅም ጊዜ ዕቅድ ያረቀቀ መኮንን ካለ፣ ሰነዱ ሳይጠረዝ ዋና ከተማው ተነሥቶበታል። በስሟም ቢሆን፣ ናዝሬት ትባል አዳማ፣ ተሳፋሪና ረዳት እንኳ ገና አልተስማሙም።

የከተማዋ ባጃጅስ? አዳራሹ ውስጥ በሚቀርበው ዕቅድ ላይ «የትራፊክ ፍሰቱን ማዘመን» ይባላል። ውጭ አደባባዩ ላይ ደግሞ አንድ ትራፊክ ፖሊስ በፊሽካ ብቻ ሊያዘምነው ላብ በላብ ሆኗል። አዳራሹ ውስጥ ስለ ትራፊክ ፖሊሱ የሚጠይቅ ደፋር አይጠፋም፤ መልሱ «እንደ ግብዓት ተይዟል» ነው። የአበል መፈረሚያው ወረቀት ግን አንድ ደቂቃ ሳያሳልፍ ይዞራል።