ስለ ቀንዱና ስለ ግራጫው ፊት የተሰጠ ማብራሪያ

(ከባሕር ማዶ የተላከ ደብዳቤ)

ይድረስ፦ ለተከበሩ አጎት፣ አገር ቤት
ጉዳዩ፦ ሆምስታክ ስለሚባለው ሥዕላዊ ታሪክና አንባቢዎቹ ስለሚሟገቱበት ነገር

ሆምስታክ የአሜሪካው ሠዓሊና ደራሲ አንድሩ ሁሲ በኢንተርኔት ያወጡት ሥዕላዊ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2009 ተጀምሮ፣ ቀኑን ሳያዛንፍ ኤፕሪል 13 ቀን 2016 አበቃ። በመካከሉ ከ8,000 በላይ ገጾች ወጥተዋል። ሥዕሉ፣ የጽሑፍ ጭውውቱ፣ ተንቀሳቃሽ ምስሉና ሙዚቃው ተቀላቅለው የቀረቡ ሲሆን፣ ከሙዚቃ ደራሲዎቹ አንዱ በኋላ በ2015 አንደርቴል የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሠራው ቶቢ ፎክስ ነው። ጽሑፉ ብቻውን ከ800,000 ቃላት ስለሚበልጥ፣ «ልጆቹ ሥዕል እንጂ ምን ያነባሉ» የሚለው ክስ በማስረጃ አይደገፍም።

ታሪኩ የሚጀምረው ጆን ኤግበርት የተባለው ልጅ 13 ዓመት በሞላበት ቀን ነው። ጆንና ሦስት ጓደኞቹ፣ ሮዝ ላሎንድ፣ ዴቭ ስትራይደርና ጄድ ሃርሊ፣ ስበርብ የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ይከፍታሉ። ጨዋታው ሲከፈት ከሰማይ ድንጋይ ይዘንባል፣ ምድርም ትጠፋለች። ለተጫዋቾቹ የሚቀርላቸው ሥራ አዲስ ዓለም መፍጠር ነው። ወላጆች ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ጉዳት ሲናገሩት የኖሩት ሁሉ በአንድ ድርሰት ውስጥ ይህን ያህል አንድ በአንድ ሲፈጸም የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ገጸ ባሕርያቱ የሚያደርጉትን የሚጠቁሙት አንባቢዎች ነበሩ። አንባቢ ትእዛዝ ይልካል፣ ደራሲው ከተላከው መርጠው ይሥላሉ። የአራቱ ልጆች ስም ሳይቀር ከአንባቢ የመጣ ነው። አንባቢው ሲበዛ አሠራሩ ቀረ፤ መላ መስጠት የለመደው ሕዝብም ዝም ከማለት ይልቅ መላምት ወደ መስጠት ዞረ። መላምቱ እንዲህ የበዛበት ምክንያትም አለው። ሆምስታክ ሕጉን እስከ ግማሽ ይናገርና ይተወዋል። ተሟልቶ የተነገረ ሕግ ይሸመደዳል፣ ያበቃለታል፤ ግማሹ የተነገረ ግን እንቅልፍ ይነሣል።

የመጀመሪያው የሙግት መስክ ሹመት ነው። እያንዳንዱ የስበርብ ተጫዋች ከሁለት ነገር የተሠራ ሹመት አለው፤ አንዱ ማዕረጉ፣ ሌላው የሚያዝበት ኃይል ነው። ጆን የእስትንፋስ ወራሽ፣ ሮዝ የብርሃን ባለ ራእይ፣ ዴቭ የጊዜ ፈረሰኛ፣ ጄድ የጠፈር ጠንቋይ ናቸው። ኃይሎቹ በየተቃራኒያቸው ሲደረደሩ 12 ይሆናሉ፦ ጠፈርና ጊዜ፣ እስትንፋስና ደም፣ ብርሃንና ባዶነት፣ ልብና አእምሮ፣ ተስፋና ቁጣ፣ ሕይወትና ክፉ ዕጣ። የተለመዱት ማዕረጎችም 12 ናቸው፤ ከእነሱ በላይ የሚቆሙ ሁለት ሲጨመሩ 14 ይሆናሉ። ስለዚህ ሊኖሩ የሚችሉት ሹመቶች 168 ሲሆኑ፣ በታሪኩ ውስጥ ሹመታቸው የታወቀ ተጫዋቾች ግን 40 አይሞሉም። ባዶ ወንበር ባለበት ሹመት ፈላጊ አይጠፋም፤ አንባቢዎች የቀሩትን ለጓደኞቻቸው፣ ለአስተማሪዎቻቸውና ከሁሉ በፊት ለራሳቸው አከፋፈሉ።

ከማዕረጎቹ የጥቂቶቹ ትርጉም በታሪኩ ውስጥ ተነግሯል። ሌባና ሽፍታ ሁለቱም ይሰርቃሉ፤ ሌባ ለራሱ፣ ሽፍታ ለሌላው። ልዑልና አዝማሪ ሁለቱም ያጠፋሉ፤ ልዑል በገዛ እጁ ሲያጠፋ፣ አዝማሪ ጥፋት በእሱ በኩል እንዲገባ በሩን ይከፍታል። በዚህ ሕግ መሠረት የብርሃን ሌባ የሆነችው ቭሪስካ ሰርኬት የሰው ዕድል ትሰርቃለች፤ በሆምስታክ ዕድል የሚቆጠረው ከብርሃን ወገን ነውና። ሌላዋ ተጫዋች ሮክሲ ላሎንድ ደግሞ የባዶነት ሽፍታ ናት። ባዶነት እንዴት ይሰረቃል? መልሱ እንዲህ ነው፦ ከሌለ ነገር ላይ አለመኖሩ ይሰረቃል፤ አለመኖሩ የተሰረቀበት ነገርም መኖር ግድ ይሆንበታል። ሮክሲ በዚህ ዘዴ ዕቃ ከምንም ታወጣለች። ፖሊስ ዘንድ ቢቀርብ የማያስከስስ ስርቆት ይህ ብቻ ነው።

ስለ ቀሩት ማዕረጎች ግን ታሪኩ ቁርጥ ያለ ነገር ስለማይናገር፣ ተከራካሪዎች በራሳቸው ሥልጣን አጣምረዋቸዋል። ብዙዎች ፈረሰኛን ከአሽከር፣ ባለ ራእይን ከጠቢብ፣ ወራሽን ከጠንቋይ፣ ደንገጡርን ሲልፍ ከምትባለዋ መንፈስ ጋር ያጋባሉ። ከጥንዶቹ የትኛው ለራሱ፣ የትኛው ለሌላው ይሠራል በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም። ስለ ፈረሰኞች የቀረበው መላምት ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ፈረሰኛ ፍርሃቱን በጭምብል ይሸፍናል ይላል። ዴቭ ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም፤ የደም ፈረሰኛው ካርካት ቫንታስ ደግሞ ያለ ጩኸት አይናገርም።

በጣም የከረረው ክርክር የተነሣው በኤሪዳን አምፖራ ነው። ኤሪዳን የተስፋ ልዑል ነው። አንደኛው ወገን «ልዑል የተሾመበትን ነገር ያጠፋል፤ ስለዚህ ኤሪዳን ተስፋን አጥፊ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ልዑል በተሾመበት ነገር ያጠፋል፤ ተስፋ መሣሪያው ነው» ይላል። ኤሪዳን አብራው የምትጫወተውን ፌፌሪ ፔክሲስን ገደለ፤ የወገኖቹ ዘር ሊቀጥልበት የነበረውን አንድያ ዕንቁላልም አወደመ። ሁለቱም ወገኖች ይህን አይተው «አላልንም?» አሉ። ዕንቁላሉን ከምንም አውጥታ የመለሰችው ከብዙ ገጽ በኋላ ሮክሲ ናት፤ ኤሪዳን ያጠፋውን ያቃናችው የዕቃን አለመኖር በመስረቅ ነው።

የኤሪዳን ወገኖች ትሮሎች ይባላሉ፤ አገር ቤት በደረሰው ፎቶግራፍ ላይ ያለው ቀንድና ግራጫ ፊትም እዚህ ላይ ይፈታል። ትሮሎች አልተርኒያ የተባለች ፕላኔት ተወላጆች ሲሆኑ፣ ቆዳቸው ግራጫ፣ ቀንዳቸው ከሥሩ ቀላ ብሎ ጫፉ ቢጫ ነው። ዋናዎቹ 12 ሲሆኑ በ12ቱ ከዋክብት ተመድበዋል። አውደ ነገሥት ለሚገልጥ ሰው አመዳደቡ አዲስ አይደለም፤ ካርካት ሸርጣን፣ ቭሪስካ አቅራብ፣ ተሬዚ ፓይሮፕ ሚዛን፣ ኔፔታ ሊዮን አሰድ፣ ካናያ ማርያም ሰንቡላ ናት። የመጨረሻዋ ስሟ እንዲህ ቢሆንም የማኅበር ጽዋ አትጠጣም፤ የምትጠጣው ደም ነው።

የትሮሎች ማዕረግ በደማቸው ቀለም ይለያል፤ ከታች የዝገት ቀለም፣ ከላይ የንግሥቲቱ ደማቅ ሐምራዊ። እያንዳንዱ ትሮል ሲጽፍ ፊደሉ የደሙን ቀለም ይይዛል። ካርካት ብቻ በግራጫ ይጽፋል። አንባቢዎች ለምን እንደሚደብቅ ብዙ ገመቱ፤ መልሱም ደሙ በመሰላሉ ላይ ቦታ የሌለው፣ እንደ ሰው ደም ቀይ መሆኑ ነበር። በአንባቢዎቹ በዓል ቀን ፊቱን ግራጫ ተቀብቶ፣ ከሸክላ የተሠራ ቀንድ በመያዣ ራሱ ላይ አስሮ፣ ደረቱ ላይ የሸርጣን ምልክት ያለበት ጥቁር ካናቴራ የለበሰ ልጅ እንግዲህ ካርካትን ሆኖ ነው። ጉዳዩ ጠበል አያስፈልገውም፤ ሳሙና ግን ያስፈልገዋል። ቀለሙ ከፊት ይልቅ ሶፋ ላይ ይበረታል።

ሁለተኛው የሙግት መስክ ዝምድና ነው። ሰው አንድ ዓይነት ፍቅር ሲያውቅ ትሮል አራት ያውቃል፤ እያንዳንዱም ከመጫወቻ ካርታ አራት ምልክቶች አንዱ ተሰጥቶታል። ማትስፕሪት የሚባለው ሰው የሚያውቀው ፍቅር ነው። ኪስሜሲስ የሚባለው በፍቅር መጠን የጋለ ጥላቻ ነው፤ ቭሪስካና ኤሪዳን አንድ ጊዜ እንዲህ ነበሩ። ሞይሬል አደገኛ ወዳጁን እያባበለ የሚያበርድ ነው፤ ኔፔታ ለኢኪየስ ዛሃክ፣ ካርካት ለጋምዚ ማካራ ይህን ሆነዋል። አራተኛው አውስፒስቲስ በሁለት ጠበኞች መካከል ገብቶ የሚያስታርቅ ሦስተኛ ሰው ነው። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይባል ነበር፤ ልዩነቱ በአልተርኒያ ሽምግልና ከፍቅር ዓይነት መቆጠሩና ሽማግሌው ጋቢ አለመልበሱ ነው። በትሮሎች ዘንድ ባልዲ ማየት ነውር መሆኑም ከዚሁ ከዝምድና ሕግ ጋር ይያያዛል፤ ምክንያቱ ለአጎት በሚጻፍ ደብዳቤ አይብራራም።

አራቱ ዝምድናዎች የመላምቱን ገበያ ምን ያህል እንዳሰፉት በሒሳብ ይታያል። አራቱ ልጆችና 12ቱ ትሮሎች ሲደመሩ 16 ናቸው። ከ16 ሰዎች 120 ጥንድ ይወጣል፤ ጥንዱ ከሦስቱ ዝምድናዎች በአንዱ ሊቆም ስለሚችል 360 ይሆናል። ሽምግልናው ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ ከ16 ሰዎች 560 ሦስትዮሽ ይወጣል፣ በእያንዳንዱም ሦስቱ በየተራ አስታራቂ ሊሆኑ ስለሚችሉ 1,680 ይሆናል። ድምሩ 2,040 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተሟጋች ያላገኘ ዝምድና መፈለግ ከባድ ሥራ ነው። የታሪኩ ደራሲ የሚያጸድቁት እጅግ ጥቂቱን ሆኖ፣ የቀረው በየተሟጋቹ ልብ ጸድቆ ይኖራል።

ከጸደቁት መካከል የሮዝና የካናያ ነገር ይጠቀሳል። ሁለቱ ገና በጽሑፍ ሲነቋቆሩ አንባቢ ፍቅር ሸትቶት ነበር፤ ትሮሎች በፍቅር ወንድና ሴት ብለው አይለዩም። ግምቱ ያዘ፤ ከታሪኩ ማብቂያ በኋላ በወጣው መዝጊያ ላይ ሠርጋቸው ታየ። የዴቭና የካርካት ቅርበት በአንጻሩ ዋናው ታሪክ እስኪያልቅ በግማሽ ተነግሮ ቀረ፤ ስለዚህም ከሮዝና ከካናያ የበለጠ አከራካሪ ሆኖ ኖረ።

ደራሲው ተከራካሪዎቹን አልረሷቸውም፤ ታሪኩ ውስጥ አስገቧቸው። ኔፔታ በዋሻዋ ግድግዳ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን ሥላ ታስቀምጣለች፤ ካርካትን ለማን እንዳሰበችው መገመት አያቅትም። ካሊዮፒ ደግሞ ስለ ጀግኖቹ ድርሰት የምትጽፍ፣ ራሷን ትሮል አድርጋ የምትሥል አድናቂ ናት፤ ስለ ማዕረጎች ከተነገረው አብዛኛው የሚሰማው ከእሷ አንደበት ነው። ሕጉ በአድናቂ አፍ መነገሩ ለሙግት ምቹ ሆነ፤ ያልጣመው ሁሉ «እሷም ተሳስታ ይሆናል» ለማለት ይችላል። ወንድሟ ካሊቦርን ታሪኩን ይጠላል፣ ያንቋሽሻል፣ በመጨረሻም በክፉ ሥዕል የራሱን ሠርቶ ያቀርባል። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ አካል ውስጥ ነው፤ አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል። የሚወደውና የሚያማው አንባቢ በአንድ ገላ መኖራቸው ስለ ተከራካሪዎቹ ከተባለው ሁሉ እውነተኛው ሳይሆን አይቀርም። ካሊቦርን አድጎ ዋናው ጠላት ሎርድ ኢንግሊሽ ይሆናል። ራሳቸውን ገጸ ባሕርይ አድርገው ያስገቡትን ደራሲም ይገድላል።

ስለ ሞት ያለው ሕግም ሙግት ወልዷል። ወደ ላይኛው ደረጃ የወጣ ተጫዋች ለዘለቄታው የሚሞተው አሟሟቱ የጀግና ወይም የሚገባው ሲሆን ብቻ ነው፤ ፈራጁ አንድ ሰዓት ነው። ቭሪስካን ጓደኛዋ ተሬዚ ስትወጋት ሰዓቱ «ይገባታል» ብሎ ፈረደ። አንባቢው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «ያችን የመሰለች ክፉ» ሲል ሌላው «ምን አጠፋች» አለ። ይግባኙ ዓመታት ቆየ። ኋላ ጆን ያለፈውን የመለወጥ ኃይል አግኝቶ ቭሪስካ ያልሞተችበትን መንገድ ሲከፍት፣ ይግባኝ ባዮቹ የረቱ መሰለ። ሆኖም የተመለሰችው ቭሪስካ ያንኑ ጠባይዋን ይዛ ስለመጣች መዝገቡ እንደገና ተከፈተ።

አንባቢው ከቃል ያለፈ ነገርም አድርጓል። በ2012 ለሆምስታክ ጨዋታ 700,000 ዶላር መዋጮ ሲጠየቅ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ተዋጣ፤ የጨዋታው የመጀመሪያ ክፍል ሃይቭስዋፕ ተብሎ በ2017 ወጣ። ከጨዋታው ጋር ተያይዞ በቀረበው የከዋክብት መጠይቅ 12 የደም ቀለም፣ 12 ኃይልና የታሪኩ ሁለት ጨረቃዎች ተባዝተው 288 ምልክት ስለሚሰጡ ለሁሉም አንባቢ የሚደርስ ሹመት ተገኘ። በ2019 የወጣው ተከታይ ድርሰት አንባቢውን ከሁለት መንገድ አንዱን እንዲመርጥ ያዝዛል፤ አንዱ ሥጋ፣ ሌላው ከረሜላ ይባላል። በጾም ቀን ምርጫው ቀላል ነው።

መጠይቁ የ12ቱን ኃይሎች ጠባይ በይፋ ስለዘረዘረ በዚያ በኩል የነበረው ክርክር ረገብ ብሏል። ስለ ማዕረጎች ግን ምንም አላለም። ስለዚህ ፈረሰኛ ከአሽከር ጋር መጋባቱ፣ ደንገጡር ለራሷ ትሥራ ለሌላ፣ አሁንም ማንም ሰው እንደ ገባው ሊከራከርበት ይችላል።

ከሰላምታ ጋር፣
የእኅትዎ ልጅ

ግልባጭ፦
ለእማማ
ለታላቅ እኅት
ለሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ (ለመረጃ ያህል)