የሞተር ማሟሻ

አዲስ ምጣድ በገዛን ቁጥር ከባለቤቴ ጋር አንድ የቆየ ክርክር አለን። እሷ ምጣዱን አግላ፣ በጎመን ዘር ደጋግማ አስሳ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምንም ሳይቆጫት ትጥላለች። እኔ ደግሞ «ይኼ እኮ ጤፍ ነው! በዶላር የተገዛ ጤፍ!» እያልኩ ዙሪያዋን እዞራለሁ። አትመልስልኝም። ማሟሸት የማያውቅ ሰው መልስ አይገባውም ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ያነሣሁት ስለ እንጀራ ላወራ አይደለም፤ ስለ መኪና ነው። መኪና ስላችሁ ደግሞ ከክንድ ያልረዘመች፣ በሪሞት የምትነዳ መኪና።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ነው። ልጄ 12 ዓመት ሲሞላው የጠየቀኝ በባትሪ የምትሄደውን ነበር። ሻጩ ከጎኗ ያለችውን አንሥቶ «ይቺ ግን እውነተኛ ሞተር አላት» ሲለኝ ልጁን ቀድሜ የወደቅሁላት እኔ ነኝ። እውነትም ሞተር ነው። 2.5 ሲሲ፣ ከአውራ ጣቴ የቀጠነ ፒስቶን፣ ካርቡራቶር፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን ሳይቀር አለው። በደቂቃ ወደ 30,000 ዙር ይሽከረከራል አለኝ። እኔ የምሠራባት መኪና 5,000 ከነካች መንገደኛ ዞር ብሎ ያያታል። ነዳጁ ቤንዚን አይደለም፤ ሜታኖል፣ 20 በመቶ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ነው። አንድ ጋሎን ይዤ ወጣሁ፤ ዋጋውን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የገመድ ቀን ነበር። የማስነሻውን ገመድ ስስብ ዋልኩ። ሞተሩ አንዴ ፍርፍር ይልና ይሞታል፤ እንደገና እስባለሁ። በመጨረሻ ገመዱ እምቢ አለ፤ ጉልበት ጨመርኩ፤ እጀታው ከእነገመዱ እጄ ላይ ቀረ።

«ጠጥቷል» የሚል ድምፅ ከአጥር ማዶ መጣ።

ጎረቤታችን ናቸው። አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ እዚህ ልጆቻቸው አምጥተዋቸው ሥራ የፈቱ ሽማግሌ መካኒክ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋሼ ካንዴላውን አስፈትተው መኪናዋን ገለበጡና ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ክብ ብረት—እሳቸው ቮላኖ ነው ያሉት—በጣታቸው ሲያዞሩት ነዳጁ ፊጭ ብሎ ሸሚዜ ላይ ወጣ። ፈሳሽ ታምቆ አይጨመቅ፤ ሞተሩ የቆመው ለዚህ ነበር። ካንዴላዋንም አገላብጠው አዩና ተገረሙ፤ ብልጭታ የላትም። ውስጧ የተጠመጠመች ፕላቲነም ያላት ሽቦ ናት። ለማስነሣት 1.5 ቮልት ይሰጧታል፣ ከዚያ ባትሪው ቢነሣም በሜታኖሉና በራሷ ግለት እንደ ፍም ቀልታ ትቆያለች።

ካንዴላው በወጣበት እኔም በጣቴ አዞርኩት። ይዞራል፣ ይዞራልና ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ጢ…ጥ ብሎ ይነክሳል። «ጋሼ፣ ይኼ የተበላሸ ነው፤ ልመልሰው» አልኳቸው። ሳቁ። ፋሻ የለውም፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ካሚቻ ሆን ተብሎ ወደ ላይ ጠበብ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሲግል ይሰፋና ለፒስቶኑ ልክ ይሆናል። በቀዝቃዛው ካስነሣኸው ግን በየዙሩ እየነከሰ ቢዬላውን ይጎዳዋል፤ አስቀድመህ አሙቀው አሉኝ። በምን? ቤት ውስጥ ሙቅ አየር የሚተፋ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ። አምስት ደቂቃ ያህል ቴስታታው ላይ ነፋሁበት። በማግሥቱ እሑድ ባለቤቴ ለክርስትና ልትሄድ ፀጉሯን ስታደርቅ «ምን ምን ይላል ይኼ?» ብላ ጮኸች። የጉሎ ዘይት ነበር።

ገመዱ ተጠግኖ፣ ሞተሩ ሞቆ ሲነሣ ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! ነጭ ሰማያዊ ጭሱን እያንቦለቦለ፣ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው ጡብ ላይ ተቀምጦ ይንጣጣል። ጋሼ ሕጉን ሰጡኝ። «ሮዳጅ ነው። አምስት ሰልባትዮ። ሁለቱን እዚሁ በሚኒሞ አቃጥል። አንዱ ሲያልቅ ፒስቶኑን ወደ ታች አውርደህ አቁመው፣ ሙልጭ ብሎ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በዝግታ ንዳው። ነዳጁን አታሳሳ።»

አንድ ሰልባትዮ 75 ሲሲ ይይዛል። በሁለተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። መኪና ቆማ ነዳጅ ስትጨርስ ማየት ለእኔ ቧንቧ ከፍቶ ከመሄድ አይለይም። ደግሞ ማመካኛ አገኘሁ። የኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነዳጁም በልኩ መቀነስ አለበት። ይኼ እውነት ነው፤ 2,300 ሜትር ላይ ካርቡራቶር ሲለኩ የኖሩት ጋሼ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ የካርቡራቶሩን የነዳጅ መርፌም የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ዘግተውልኛል። ሲገቡ ጠብቄ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ጨምሬ ዘጋሁት።

ሦስተኛው ሰልባትዮ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ነው ያለነው። መኪናዋ ተፈተለከች! ጭሱ ጠፋ፤ ድምፁ ከመንጣጣት ወደ ፉጨት ተለወጠ፤ ልጄ «ባባ! ባባ!» እያለ ይዘላል። እኔማ የጋሼን ሮዳጅ በልቤ እየተሳለቅሁበት ነበር። ሁለት ዙር ሄደች። ሦስተኛው ላይ ፉጨቱ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጭራሽ ጸጥ አለ። መኪናዋ በራሷ ግፊት ትንሽ ተንሸራትታ ቆመች።

ጋሼ መጥተው ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቴስታታው ላይ ጠብ አደረጉ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ፈልቶ ከደረቀ ግለቱ ደኅና ነው፤ የእኛው ገና ሳይነካው ጠፋ። የካንዴላው ሽቦ የለም፤ ቀልጧል። ሲቀዘቅዝ ቮላኖውን በጣቴ አዞርኩት። ያ ጢ…ጥ የሚለው ንክሻ የለም። ወለል ብሎ ይዞራል፤ እንደ ላላ የበር እጀታ። ካሚቻው ሲወጣ ከላይ እስከ ታች ተጭሯል።

«ዘይቱ የት ያለ መስሎህ ነው?» አሉኝ ጋሼ። «ይኼ ኮፓ የለውም። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ነው የሚገባው። ነዳጁን ስትነፍገው ዘይቱንም ነፈግኸው።»

ማታ ሒሳብ ሠራሁ። ጋሎኑ 3,785 ሲሲ ነው፤ አምስት ሰልባትዮ 375። ከአሥር እጅ አንዱን ለማትረፍ ነው ሞተር የገደልኩት። አዲስ ፒስቶንና ካሚቻ ሲመጣ ዋጋውን ለባለቤቴ መደበቅ አልተቻለም፤ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ጨርሳ ሰማችና «ማሟሸት ነዋ!» አለች። «ይኼን ለመረዳት ጋሼ ያስፈልጉ ነበር?»

ሁለተኛው ሮዳጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ልጄ በአሮጌው ማድረቂያ ቴስታታውን ያሞቃል፤ ለእናቱ አዲስ ተገዝቶላታል። ሞተሩ ጡቡ ላይ እየጨሰ ያለ ሥራ ነዳጁን ይጨርሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞላል። ማታ ላይ ጋሼ ሰልባትዮውን አስጠርገው በካንዴላው ቀዳዳ ሁለት ጠብታ ዘይት ጨመሩ፤ ሜታኖል እርጥበት ስለሚስብ ሳይቀባ ካደረ ኩሽኔታው ይዝጋል። እኔን ማንም አጠገቡ አላስደረሰኝም። ካቻቢቴው እስከ አምስተኛው ሰልባትዮ ድረስ በባለቤቴ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነበር።